በእኔ ፋንታ የተቆጠረው ድንች

ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት እስከ አስር መቁጠር እችል ነበር። እንዴት ቢባል፣ እስከ አምስት በአውኚ አውቃለሁ፤ እስከ አምስት ደግሞ በአማርኛ። አንደኛ ክፍል የጨረሰው ታላቅ ወንድሜ «አምስትና አምስት አስር ነው» ብሎ ደመረልኝና በዚያው ጸደቀ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያቆምኩ መጀመሪያ የአውኚውን አምስት፣ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ደግሞ የአማርኛውን አምስት አወርድበት ጀመር። የቸኮለ ሰው እኔን ሲያይ በሌላ በኩል ይዞራል። ከዘንገና ወደ እንጅባራ የሚወስደው የእግር መንገድ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት የተከፈለው ሰው ከእኔ ሲሸሽ ነው ብል የሚከራከረኝ የለም። የሚያስታውሱት ሽማግሎች አልቀሩማ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። የዚያን አገር ብርድ ላልቀመሰው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እናቴ ጠዋት ከደጅ ሆና ስትጠራን ድምጿ የቀርከሃ አጥሩ ላይ ይረጋና ፀሐይ ሲሞቀው ነው እኛ ጆሮ የሚደርሰው። «ስጠራሽ የት ነበርሽ?» ስትለኝ የምሰጣት ምክንያት ይኸው ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልተቀበለችኝም።

ቤት ውስጥ የምናወራው በአውኚ ነው። አማርኛ የገበያና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር። የአውኚው አምስት ከማን እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አብሮኝ የተወለደ ይመስለኛል። የአማርኛውን ከወንድሜ አፍ ነው የለቀምኩት። ማንም ሰው «ነይ፣ ቁጥር ላስተምርሽ» ብሎ አስቀምጦኝ አያውቅም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ቤታችን ጭራሽ ቁጥር የሚፈራ ቤት ነበር።

ነፍስ ያለው ነገር እኛ ዘንድ አይቆጠርም። ከብት አይቆጠርም፣ ፈረስ አይቆጠርም፣ ጫጩት አይቆጠርም። ልጅማ በጭራሽ! የቆጠሩት ነገር ይጎድላል ተብሎ ይፈራል። አንድ እንግዳ እናቴን «ስንት ልጆች አሉሽ?» ቢላት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ትለዋለች። ደግሞ ከጠየቃት ውሃ ልትቀዳ ትነሳለች። እንስራው እስከ አፉ ሞልቶ እንኳ ትነሳለች።

ታዲያ ማታ ልጆቿ ሁሉ መግባታቸውን በምን ታውቅ ነበር? በድንች።

የእኛ አገር ድንች የዋዛ አይደለም። ከመካከለኞቹ አንዱን ወንበር አድርገን ተቀምጠንበታል። እናቴ ሲመሽ የተቀቀለውን ድንች ከማሰሮው እያወጣች ሰፌድ ላይ ትደረድራለች። ስታወጣም አትቆጥርም። «ይሄ ለትልቁ፣ ይሄ ለዚያች ለምታስለው፣ ይሄ ለዚያች ለአመለኛዋ» እያለች ነው። አመለኛዋ እኔ ነኝ። ከዚያ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እናነሳለን። ሰፌዱ ባዶ ከሆነ ቤቱ ሙሉ ነው። አንድ ድንች ከቀረ አንድ ልጅ ውጭ ነው ማለት ነው።

ወንድሜ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት አንድ ማታ ሁላችንም እያነሳን ስንበላ ሰፌዱ ላይ አንድ ድንች ሲተን አየሁ። እኔ ያኔ የቁጥር ስም ገና አልያዝኩም።

«እማ፣ ድንቹ ብቻውን ነው» አልኩ።

እናቴ ማሰሮውን እንደያዘች ዙሪያዋን ቃኘች። ወንድሜ የለም! ቤቱ ታመሰ። አባቴ እሳት ለኩሶ ወጣ። ወንድሜ ጋጣ ውስጥ ጭድ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ጥጃ ፀጉሩን ሲልሰው ተገኘ። ጥጃው ሥራውን አጣርቶ ነው የሠራው፤ የወንድሜ ፀጉር ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሽበቱ ሳይቀር፣ ወደ አንድ በኩል እንደተኛ ነው።

ያን ማታ እናቴ ከራሷ ድንች ቆርሳ ሰጠችኝ። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው ከድንቹ ይልቅ ሌላው ነገር ይጣፍጠኛል። «አንድ» የሚለውን ቃል በቅጡ ሳላውቅ አንድ መጉደሉን ያወቅሁት በምን ነበር? ዓይኔ ድንቹንና ልጁን እያጋጠመ ሲሄድ አንዱ ድንች ጓደኛ አጣ፤ ይኸው ነው። ቁጥር ሳይኖር ሒሳቡ ነበረ።

ቃሎቹ በኋላ መጡና ነገሩን አበላሹት።

ወንድሜ የአማርኛውን ቁጥር ያስጠናኝ በጣቴ ነበር። አውራ ጣቴን ይዞ «አንድ»፣ ቀጣይዋን «ሁለት» እያለ ትንሿ ጣቴ ላይ «አምስት» ብሎ ይጨርሳል። እኔ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው የጣቶቼን ስም የሚነግረኝ መሰለኝ። ይቺ አራት ትባላለች፣ ይቺ አምስት ትባላለች። አንድ ቀን «እስቲ አራት አሳይኝ» ሲለኝ የቀለበት ጣቴን ብቻ አነሳሁለት። ብቻዋን መቆም ስለማትችል በሌላው እጄ ደገፍኳት።

«ይቺ እኮ አንድ ናት!» አለኝ።

«አንድማ ወፍራሙ ነው። አራት ይቺ ናት።»

«አራት ሲባል ሁሉም አብረው ነው የሚነሱት፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«አንተ ስትጠራ እማ ሌሎቻችንንም አብራ ትልካለች?»

ትቶኝ ተነሳ። እኔም እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ ያገኘሁለት አይመስለኝም። በቅርቡ የእህቴ የልጅ ልጅ ደረጃ ስትወጣ እየቆጠረች ሰባትን ሁልጊዜ ትዘላለች፤ «ስድስት፣ ስምንት!» ትልና ትወጣለች። «ሰባትስ?» ስላት «እሷ ታች ናት» አለችኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ በኩራት አየው ነበር።

ወንድሜ በጣቱ ነገር ቢሸነፍም በድንቹ ተበቀለኝ።

«ስንት ድንች አለሽ?» ይለኛል።

«አንድ።»

ቀጭ አድርጎ ለሁለት ይከፍልልኛል። «አሁንስ?»

«ሁለት!»

«እኔ ግን ያለኝ አንድ ብቻ ነው» ይልና ፊቱን ያጠቁረዋል። «አላሳዝንሽም?»

ያሳዝነኛል። ከሁለቱ አንዱን እሰጠዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል ከርመን እሱ ወፈረ፣ እኔ ሀብታም ሆንኩ።

ዓይኔን የከፈተልኝ ሰፌዱ ራሱ ነው። አንድ ማታ ማንም ሳያነሳ ድንቹን በአውኚ ቆጠርኩት። አምስት ሆነ። ወንድሜ ቀጠለና በአማርኛ ቆጠረው። እሱም አምስት ብሎ ቆመ። ጠበቅሁ። ሰፌዱን አነሳሁና ስሩን አየሁ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች እናቴ።

«ሌላው አምስት።»

«የምን ሌላ?»

«የአማርኛው።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ከእኛ ቤት ወጥቶ ጥርባ ሐይቅ ደርሶ ውሃውን አናውጦ ተመለሰ ብል አታምኑኝም፤ ስለዚህ በደንብ ሳቀች ብቻ ልበል። «ያው ራሱ ነው፣ ልጄ» አለችኝ፤ «ድንቹ በሁለት ቋንቋ ሲጠሩት ይበዛል እንዴ?»

በአንድ ማታ ከአስር ወደ አምስት ወረድኩ። ሐዘኑ ቀላል አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀኝ በአስር ነበር። ግን ጋደም ብዬ ሳስበው ሌላ ነገር በራልኝ። አምስት የጣት ስም አይደለም። የአውኚ ቃልም የአማርኛ ቃልም አይደለም። ሰፌዱ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ብትጠራውም ባትጠራውም እዚያው አለ። ጠዋት ይህን ግኝቴን ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ።

«ድንቹ አምስት ከሆነ፣ እኛም እኮ…» ብዬ ስጀምር አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ድንቹ ላይ ቁሚ» አለችኝ።

ድንቹ ላይ ቆምኩ።

መስከረም ሲጠባ ትልቁ ጉዳይ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ፣ አብራኝ የምትጫወተው፣ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ወንድሜ ሁለተኛ ክፍል ሊሆን ነው። እኔ ካልገባሁ የሚጠብቀኝ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው አንቀልባ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ልውል። ሕፃኑ ገና ጥርስ አላወጣም፣ ድንችም አይበላም፤ ክብደቱ ግን የአንድ ወይፈን ነው። እሱን አዝዬ የቆምኩበት ቦታ ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ይቀር ነበር።

የመግቢያው ፈተና የታወቀ ነው። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ የግራ ጆሮህን ከነካህ ደርሰሃል። ካልነካህ ለሚቀጥለው ዓመት። የእኔ እጅ ደግሞ አናቴ ላይ ደርሶ ይደክመዋል። እንዲረዝምልኝ ብዬ ከአጥሩ ቀርከሃ ላይ እየተንጠለጠልኩ፣ ወንድሜ እግሬን እየጎተተልኝ ሰነበትን። የረዘመው እግሬ ነው።

አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ዳይሬክተሩ ከሌላ አገር በቅርቡ የመጡ፣ ሰውን ሁሉ «ጓድ» የሚሉ ሰው ነበሩ። አባቴ «ጓድ» ሲባል ተሾመ ይሁን ተሰደበ ሳይለይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እስቲ፣ ጆሮ» አሉኝ።

እጄን ላክሁ። አልደረሰም። ጆሮዬን ወደ እጄ ላምጣላቸው ብዬ አንገቴን ባጋድል «አንገት ቀጥ!» አሉ። በቃ።

«ጓድ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያምጧት።»

«ጌታዬ፣ ቁጥር ታውቃለች እኮ» አለ አባቴ። «እስከ አምስት።» ከዚያ በፊት እስከ አስር እንደነበርኩ አላነሳላቸውም።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብዕራቸውን አስቀምጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከጎን ባለው አዳራሽ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ነበረና የተሰብሳቢዎቹ ፈረሶች የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ታስረዋል።

«ደህና። እነዚያ ፈረሶች ስንት ናቸው?»

አፌን ዘጋሁ። አባቴን አየሁት። በዚያ ብርድ ግንባሩ አልቦታል።

«ቁጠሪያቸዋ፣ ሚጢጢ! አትፍሪ።»

እጆቼን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ጓድ፣ አታውቅም ማለት ነው።»

«ታውቃለች፣ ጌታዬ። ግን የሰው ፈረስ እንዴት አድርጋ ትቁጠር? ነገ አንዱ ሆዱን ቢያመውስ? ባለቤቱ ‹ያንተ ልጅ ናት የቆጠረችብኝ› ብሎ ደጄ አይቆምም?»

«ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው፣ ጓድ!»

«ይሁን፣ ጌታዬ። ፈረሱ ግን አንዴ ከሞተ በአስተሳሰብ አይነሳም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ካስፈለገ እርስዎ ይቁጠሯቸው። እርስዎ ለአገሩ እንግዳ ነዎት፣ ማንም አይቀየምዎትም።»

ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን አነሱ። «ቀጣይ!» አሉ። በሩ ላይ የቆመው ቀጣዩ ልጅ ጆሮውን ይዞ ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረ። ሕፃኑ ከቤት ድረስ መጥቶ ጀርባዬ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ፈረሶቹን አየሁ። ድንቹን አሰብኩ። እናቴ ልጆቿን ሳትቆጥር የምታውቃቸው በድንች ነው፤ እነዚህስ ድንች የላቸውም እንዴ?

«ኮርቻውን ልቁጠረው?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ኮርቻውን። ኮርቻ ነፍስ የለውም።»

አባቴ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ዳይሬክተሩ በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አልኩና ቆምኩ።

ወደ መስኮቱ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተሳስተሻል። አምስት ናቸው።»

አባቴ አምስት ሲባል ሰምቶ ክፉኛ አሳለው።

«ኮርቻ አራት ነው» አልኩ። «ያ ዳማው ኮርቻ የለውም። አንድ ቢያመጡለት ይበቃዋል።»

ዳይሬክተሩ ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ከአጥሩ ጫፍ ያለው ዳማ ፈረስ እውነትም ጀርባው ባዶ ነበር። ጀርባቸውን እንደሰጡን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እየሳቁ መሆናቸው ገባኝ። ተመልሰው ተቀመጡና ጻፉ።

«ጓድ፣ እጇ ይደርሳል» አሉ።

በሕይወቴ እጄን ሳልዘረጋ ጆሮዬን የነካሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ እስከ ቤት ድረስ ያወራው ስለ እኔ አልነበረም። «አምስት ብለው ጮክ ብለው ነው የተናገሩት፣ አይደል? እሳቸው ናቸው እንጂ እኛ አላልንም፣ አይደል?» ይላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የእነዚያን ፈረሶች ባለቤቶች ባገኘ ቁጥር ከሰውየው አስቀድሞ የፈረሱን ጤና ይጠይቅ ነበር። ሰዎቹ ፈረስ ሊገዛ መስሏቸው ዋጋ ጨመሩ።

ሁሉም ነገር አማረ ስል የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ቤት ውዬ ስመጣ በገዛ አፌ አበላሸሁት። እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ስለ ትምህርት ቤቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደወሉን፣ ሰልፉን፣ መዝሙሩን ሳልተነፍስ አወራላታለሁ።

«ከሰልፉ በኋላስ?»

«ከዚያማ ይቆጥሩናል።»

ወንድሜ ከጀርባዋ ሆኖ እጁን ያወራጫል። አልገባኝም።

«ምናችሁን?» አለች።

«እኛን። አናት አናታችንን እየነኩ። ጠዋት አንዴ፣ ከዕረፍት በኋላ አንዴ።»

ሕፃኑ መጥባቱን ተወ። ለካ ወንድሜ ዓመት ሙሉ ሲቆጠር ኖሮ ትንፍሽ አላለም።

«ነገ ሁለታችሁም አትሄዱም» አለች እናቴ።

«ዓመት ሙሉ ተቆጥሬ ምን ሆንኩ?» አለ ወንድሜ።

«ምን ሆንኩ ትላለህ? ጭድ ላይ የጠፋኸው በዚያው ዓመት አይደል? ጥጃ የላሰህ በዚያው ዓመት አይደል?»

ሁላችንም ፀጉሩን አየነው። እሱም በመዳፉ ሸፈነው። አባቴ እንኳ፣ «እሱስ እውነት ነው» ብሎ ወደ እሳቱ ዞረ። እኔ አለቀስኩ። አንቀልባው ከምሰሶው ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ሲስቅብኝ አይቻለሁ ብዬ ልምል እችላለሁ።

እናቴ ሕፃኑን አስተኝታ ድንች ጣደች። ጠዋት ግን ልብሴን ስታለብሰኝ ኪሴ ውስጥ አንድ የሞቀ ነገር ገባ። ድንች ነው።

«ሲቆጥሩሽ ይቺን ያዣት» አለችኝ። «የሚቆጥሩት እሷን ነው። አንቺን አይደለም። ሰማሽ?» ለወንድሜም አንድ ሰጠችው።

ሰልፉ ላይ ስቆም ድንቹን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። ከፊቴ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ እሷም እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ከእሷ ፊት ያለውም። አንገቴን አስግጌ ሰልፉን ሳይ የገጠሩ ልጅ ሁሉ አንድ ኪሱ አብጧል።

«እጅ ከኪስ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

ማንም አላወጣም። እሳቸው ብርዱ ነው ብለው ተዉን። የአንዱን አናት፣ የሌላውን አናት እየነኩ አለፉ። ምስኪን ሰው፣ በየጠዋቱ አንድ ማዳበሪያ ድንች ይቆጥሩ ነበር።

ችግሩ ዕረፍት ላይ መጣ። ራበኝ። ድንቹን አውጥቼ ልገምጥ ስል ሁለተኛው ቆጠራ ትዝ አለኝ። ከበላሁት በባዶ ኪስ፣ እኔው ራሴ፣ ልቆጠር ነው። ካልበላሁት ደግሞ እስከ ቤት አልደርስም። ወንድሜ የእሱን እስከ ልጣጩ ጨርሶት ነበርና ከሩቅ ሆኖ ፈርቶ ያየኛል።

ድንቹን ያዝኩትና ቀጭ አድርጌ ለሁለት ከፈልኩት። ክረምቱን ሙሉ የተሸወድኩበት ስሌት ቢያንስ አንድ ቀን ይሥራልኝ! ግማሹን እዚያው በላሁ። ግማሹን ኪሴ ከተትኩ።

ደወሉ ተደወለ። ወንድሜ ለሰልፍ ሲሮጥ አጠገቤ ቆም አለና «ስንት አለሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ኪሴ ውስጥ ያለውን ግማሽ ዳሰስኩት። ከዚያ ለሁለት ገመስኩትና አንዱን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። የቀረውን ከመያዜ በፊት «ሁለት» ለማለት ጣቶቼን አነሳሁለት፤ አንድና ሁለትን፣ ሁለቱንም አብሬ።